«የተፈጥሮ» የተባለውን ቪታሚን ዲ ስንመርጥ

(በአሸተን ማርያም አካባቢ ነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የታዘዝኩት ስለ ቪታሚን ዲ ነው። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ባለፈው ስብሰባ ላይ ከመዋጮው ገንዘብ አንድ ካርቶን «የተፈጥሮ ቪታሚን ዲ» ገዝተን ለየቤቱ እናከፋፍል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ግማሹ ደገፈ፣ ግማሹ ተቃወመ። በመጨረሻም ጸሐፊው ጠይቆና አጥንቶ ያቅርብ ተባለ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ያነበብኩትንና ከጤና ባለሙያዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ነው የማቀርበው። ሰምታችሁ እናንተ ትወስናላችሁ።

ለመሆኑ ይኼ ቪታሚን ዲ ምንድን ነው?

ከምግብ ያገኘነው ካልሲየም ወደ ሰውነታችን ገብቶ አጥንት እንዲሆን የሚያደርግ ነገር ነው። ካልሲየም ድንጋዩ ነው ብንል፣ ቪታሚን ዲ ግንበኛው ነው። ድንጋይ ቢቆለል ግንበኛ ከሌለ ግድግዳ አይቆምም፤ ግንበኛም ቢኖር ድንጋይ ከሌለ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ቪታሚን ዲ ያነሰው ሕፃን አጥንቱ ይለሰልሳል። በሐኪም ቤት ሪኬትስ ይሉታል። ምልክቱም የሚከተለው ነው፦ እርግብግቢቱ ጊዜው አልፎ ሳይገጥም ይቆያል፤ ጥርስ ለማውጣት ይዘገያል፤ የእጁ አንጓ ይወፍራል፤ የጎድኑ አጥንት ጫፍ ጫፉ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ይቋጠራል፤ እኩዮቹ ሲቀመጡና ሲቆሙ እሱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በቆመም ጊዜ እግሩ ይጎብጣል። ትልልቅ ሰዎችንም ቢሆን ወገባቸውንና ዳሌያቸውን ያማቸዋል፣ ጉልበታቸው ይደክማል፣ ሲወድቁ ቶሎ ይሰበራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የ13 ወር ፀሐይ ባለበት አገር ይኼ በሽታ እንዴት ይኖራል? አለ እንጂ! የአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች የሳንባ ምች ያለባቸውን 500 ሕፃናትና የሳንባ ምች የሌለባቸውን 500 ሕፃናት መርምረው ነበር። ጥናቱ በ1997 እ.ኤ.አ. (በእኛ በ1989 ዓ.ም.) ታትሞ ወጥቷል። ከታመሙት 500 መካከል 210ዎቹ ሪኬትስ ተገኘባቸው። ካልታመሙት 500 ግን 20ዎቹ ብቻ ናቸው። ደረቱ የለሰለሰ ልጅ አየር ስቦ ለመተንፈስና አክታ ለማውጣት ይቸገራል። ስለዚህ ነገሩ የእግር መጉበጥ ብቻ አይደለም፤ የነፍስ ጉዳይ ነው። ይህን ያቀረበው ወገን መጨነቁ ትክክል ነው ማለት ነው። የሚቀረው ጥያቄ መፍትሔው ካርቶኑ ነው ወይ የሚለው ነው።

ፀሐይ ሳለ የሚጎድለው ለምንድን ነው?

ቪታሚን ዲ በአብዛኛው የሚመጣው ከምግብ አይደለም፤ የፀሐይ ጨረር ገላችንን ሲነካ እዚያው ቆዳችን ውስጥ ይሠራል። ይህ የታወቀው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። በ1919 እ.ኤ.አ. ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ የበርሊን ሐኪም ሪኬትስ የያዛቸውን ሕፃናት እንደ ፀሐይ ያለ ጨረር በሚሰጥ ልዩ መብራት እያሞቀ አዳናቸው። በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሜላንቢ የዓሣ ጉበት ዘይት በሽታውን እንደሚከላከል በውሻ ግልገሎች ላይ አሳየ። ፀሐዩም ዘይቱም የሚሰጡት አንድ ነገር መሆኑ ኋላ ታወቀ።

እኛ ያለንበት ቦታ ለዚህ የተመቸ ነው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ነው፤ ገዳማችን ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍታው በጨመረ መጠን ጨረሩ ይበረታል። ነገር ግን ደጋ ነውና ይበርዳል። ስለ በረደም ሕፃኑን በጋቢና በባና ጠቅልለን፣ ፊቱን ሸፍነን፣ ጓዳ እናስቀምጠዋለን። ወንዱ እስከ 40፣ ሴቷ እስከ 80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ከደጅ አይወጡም። ከዚያም በኋላ «ምች ይመታዋል»፣ «ሰው ዓይን ይገባዋል» እየተባለ እንደ ተሸፈነ ይከርማል። እናቶች ይህን የሚያደርጉት ለልጃቸው ሳስተው ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ሆኖም ጨረሩ በጨርቅ በኩል አያልፍም፤ በመስኮት መስተዋትም በኩል አያልፍም። መስኮት ዳር ፀሐይ የሞቀ ሕፃን ሙቀቱን እንጂ ቪታሚኑን አላገኘም። ቅቤ መቀባትም ገላውን ያለሰልሳል እንጂ ፀሐይን አይተካም።

የእናት ጡትን የሚተካ ምግብ የለም፤ ማንም እንዳይሳሳት። ነገር ግን በጡት ወተት ውስጥ ያለው ቪታሚን ዲ ጥቂት ነው። በተለይ እናቲቱም ቤት የምትውል ከሆነች ይብስ ያንሳል።

እንዴት እናሙቅ? ጥላችሁን ተመልከቱ። ጥላችሁ ከቁመታችሁ የረዘመ እንደ ሆነ ፀሐዩ ገና ሰያፍ ነው፤ ጨረሩም ደካማ ነው። በእኛ አገር ጥላ ከቁመት ጋር የሚስተካከለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት አለፍ ሲል ነው። ነፋስ በማይገባበት ግቢ የሕፃኑን ልብስ ከእጁ፣ ከእግሩና ከጀርባው ገልጦ፣ ዓይኑን ከፀሐይ ከልሎ፣ በጥቂት ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ቆዳው እስኪቀላና እስኪቃጠል ድረስ መቆየት ግን ጉዳት ነው። የቀትሩን ፀሐይ ለሕፃን አናድርገው። ከልደቱ ጀምሮ ገላው ነጭ የሆነ (አልቢኖ የሚባለው) ልጅ ፀሐይ ስለሚጎዳው በዚህ መንገድ አይሞቅም፤ ወደ ሐኪም ይወሰድ። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ሲከብድ ደግሞ ብልጭ ባለች ጊዜ መሻማት ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንምጣ።

ማሟያው የሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሉም አልልም፤ አሉ። ምልክት የታየበት ሕፃን፣ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን፣ አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ፣ ከቤት የማይወጡ አረጋውያን፣ ፀሐይ የማያገኙ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ናቸው። ለእነዚህ ሐኪም ሲያዝ መውሰድ ተገቢ ነው። ሲገዛም የሚከተለውን እንመልከት።

1ኛ/ «የተፈጥሮ» የሚለው ጽሑፍ አያታለን። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቪታሚን ዲ3 የሚሠራው ከምን ይመስላችኋል? ከበግ ጠጕር ነው! በግ ስንሸልት እጃችንን የሚያወዛው ስብ በፋብሪካ ተጣርቶ ጨረር ይበራበትና ቪታሚን ዲ3 ይሆናል። እኛ ባና የምንሠራበት ጠጕር መሆኑ ነው። ዲ2 የሚባለው ደግሞ ከእርሾና ከእንጉዳይ ዘር ይወጣል። ስለዚህ «የተፈጥሮ» የተባለውም ያልተባለውም በብዛት ከአንድ ምንጭ ተነሥቶ በፋብሪካ ያለፈ ነው። ለቃሉ ብሎ ዋጋ መጨመር አያስፈልግም። ዲ2ም ዲ3ም ይሠራሉ፤ ዲ3 ግን በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

2ኛ/ የዓሣ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። ቪታሚን ዲ በብዛት ያለው በዓሣ ጉበት ዘይት ውስጥ ነው። ከዓሣው ሥጋ የሚወጣው ተራ የዓሣ ዘይት ግን ቪታሚን ዲ እምብዛም የለውም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል። የጉበቱ ዘይት ደግሞ ቪታሚን ኤ አብሮት አለ፤ ይህ ሲበዛ በሆድ ያለን ፅንስ ይጎዳልና ነፍሰ ጡር ሴት ሐኪም ሳታማክር እንዳትወስድ።

3ኛ/ መጠኑን ማየት ዋና ነገር ነው። በጠርሙሱ ላይ «አይ ዩ» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ወይም በማይክሮግራም ይጻፋል። 1 ማይክሮግራም 40 አይ ዩ ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን በቀን የሚበቃው 400፣ ከዚያ በላይ ላለ ልጅና ለትልቅ ሰው 600፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ 800 አይ ዩ ነው። ለማነጻጸር ያህል በአንድ የእንቁላል አስኳል ውስጥ ያለው 40 አይ ዩ ገደማ ነው። ገበያ ላይ ግን 5,000ም 50,000ም የሚል ፍሬ አለ። ባለ 50,000ው ሐኪም ለይቶ ላዘዘለት ሰው፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰጥ ነው። በየቀኑ ቢዋጥ መርዝ ይሆናል።

4ኛ/ የሕፃናት ጠብታ ሲሆን በይበልጥ እንጠንቀቅ። አንዱ ዓይነት 400ው በአንድ ጠብታ ውስጥ ነው፤ ሌላው ዓይነት 400ው በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ነው። መልካቸው ግን ይመሳሰላል። የፊተኛውን እንደ ኋለኛው ቆጥሮ ማንጠብጠቢያውን ሞልቶ የሰጠ ሰው ልጁን ብዙ እጥፍ አጠጣው ማለት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለዚሁ ጉዳይ ወላጆችን አስጠንቅቆ ነበር። በተማሩትና በሠለጠኑት አገር እንዲህ ካሰጋ በእኛ ዘንድ ምን ያህል ያሰጋ!

5ኛ/ ቀኑን እናንብብ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት የፈረንጆች ነው። 2020 የሚል ቢሆን በእኛ 2012 ወይም 2013 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር አስበን «ገና ነው» ካልን ጊዜው ያለፈበትን እንውጣለን።

6ኛ/ ለጾም ጉዳይ የሚያስቡ አሉ። ካፕሱሉ የተሠራበት ጀላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው። ከዚህ የሚርቅ ሰው በጠብታ ወይም በደረቅ ፍሬ የተዘጋጀውን መፈለግ ይችላል። በጾም ይወሰዳል አይወሰድም የሚለውን የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ፤ የኔ ሥራ አይደለም። ሕፃን ግን ጾም የለበትም፤ ከተገኘ እንቁላልና ወተት አይከልከል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቪታሚን ዲ ሲበዛ እንደ አንዳንዶቹ ቪታሚኖች በሽንት ወጥቶ አይሄድም፤ በስባችን ውስጥ ይከማቻል። ያን ጊዜ ካልሲየሙ በደም ውስጥ ይበዛና ማስታወክ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የሆድ ድርቀት፣ ውኃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት ይመጣል፤ ኩላሊትም ይጎዳል። ከውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን በፍቅር የሚልኩትን ጠርሙስ ጎረቤት ለጎረቤት መከፋፈል ጥሩ የማይሆነው ለዚህ ነው። ጨው እንደ መበዳደር አይደለም።

እንግዲህ ወደ ውሳኔው ስመጣ፣ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

ሀ/ ካርቶኑ አይገዛ። ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ጠርሙስ ማደል ለማያስፈልገው ጉዳት፣ ለሚያስፈልገው ደግሞ የማይመጥን ይሆናል። ገንዘቡ የድሃውም የባለጸጋውም መዋጮ ነው።

ለ/ ከዚሁ ገንዘብ ተቀንሶ፣ ቀደም ብዬ የዘረዘርኩት ምልክት የታየበትን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ለመውሰድ አቅም ላነሳት እናት የመጓጓዣና የመድኃኒት መርጃ ይሁን። ታዝሎ የሚወርድ ልጅ ዳገቱን ተመልሶ የሚወጣበትም ይታሰብለት።

ሐ/ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ መጥታ ሕፃን እንዴት እንደሚሞቅ ለእናቶችና ለሴት አያቶች እንድታሳይ ይጠየቅ። አያቶችን የጠቀስኩት አራስ ቤቱን የሚያዙት እነሱ ስለ ሆኑ ነው። እነሱ ካላመኑበት ሕፃኑ ከጓዳ አይወጣም።

መ/ ቤቱ ጠርሙስ ያለው ሰው ከመጠቀሙ በፊት ይዞ ሄዶ ለጤና ባለሙያ ያሳይ። ወደ ፊት የሚገዛም ሰው ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ይግዛ፤ ከገበያ ጉልት ላይ አይግዛ።

እናቶች ሆይ፣ ምች አትፍሩ ብዬ አላዛችሁም። ቀስ በቀስ፣ ነፋስ በሌለበት፣ በጥቂት ደቂቃ ጀምሩ ነው የምለው። አባቶችም «ይኼ የሴት ሥራ ነው» ብለን አንለፈው። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዳችን በፊት ልጁን ታቅፎ ግቢ መቀመጥ ማንንም አያሳፍርም። ቤት የዋሉትንም አያቶች ደጋግፎ ደጅ ማስቀመጥ ለእነሱም መድኃኒት ነው፣ ለጨዋታም ይመቻል።

ያለኝ ይኸው ነው። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ለድምፅ ይቅረብ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ማንበብ የማይችሉ ጎረቤቶች ስላሉ ይህን ያነበበ ሰው በቃል እንዲነግራቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።