ስንት ይቀርሻል?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር ለጋዜጣችን ተስተካክሎ የቀረበ)

ያቺኑ አንድ የዕረፍት ቀናችሁን ቆርሳችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወራው እዚህ ኤምሬትስ በሰው ቤት የምንሠራ ሰዎች ደመወዝ ሳይከፈለን ሲቀር በሕግ እንዴት እንደምንጠይቅ ነው። ሌላ አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ የእናንተ ሕግ የተለየ ነው። ስለ ሒሳብና ስለ ማስረጃ የምለው ግን ለሁላችሁም ይሆናል።

ብዙዎቻችን ቢሮ ስንደርስ ሆድ ይብሰናል። «አሠቃዩኝ፣ ላቤን በሉኝ» እንላለን። እውነት ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ «ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር? በወር ስንት? ጠቅላላ ስንት ይቀርሻል?» ለዚህ መልስ ያላዘጋጀች ሰው ሐቅ ይዛም ትጉላላለች። ስለዚህ ክስ የሚጀምረው ቢሮ ሳይሆን ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደሚገባን እንወቅ። የቤት ሠራተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ቁጥር 9 ነው። ደመወዝ በየወሩ፣ በድርሃም፣ ቀኑ ከደረሰ በ10 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት ይላል። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አለን። በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጥ። በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ። ፓስፖርትና መታወቂያም በእኛ እጅ ነው መቀመጥ ያለበት። «ማዳም ደግ ከሆነች ትሰጠኛለች» የሚባል ነገር የለም፤ መብት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እንበል ኮንትራትሽ 1,200 ድርሃም ይላል። ለ7 ወር 800፣ 800 ሰጡሽ። በየወሩ 400 ጎደለ፤ በ7 ወር 2,800 ይሆናል። ከዚያ 2 ወር ጭራሽ አልከፈሉሽም፤ እሱ 2,400 ነው። ድምሩ 5,200 ድርሃም። በአንድ ገጽ ላይ ወሩን፣ የሚገባሽን፣ የተቀበልሽውንና የቀረሽን በየመስመሩ ጻፊ። ያልወጣሽው ፈቃድ ካለ ለብቻው መስመር ስጪው። አንድ ድርሃም አትጨምሪ። አንዱ ቁጥር ውሸት ሆኖ ከተገኘ እውነተኛው ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል።

ቀጥሎ ማስረጃ። ዋናው ኮንትራቱ ነው። ዛሬውኑ በስልክ ፎቶ አንሱትና አገር ቤት ለምታምኑት ሰው ላኩት። ስልክ ይሰበራል፣ ይቀማል፤ እህታችሁ ጋ ያለው ግን አይጠፋም። ሀዋላ የላካችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ። ደመወዝ ሲዘገይ በአፍ ብቻ አትጠይቁ። በዋትሳፕ በትሕትና ጻፉ፦ «ማዳም፣ የሚያዝያና የግንቦት ደመወዜ አልደረሰኝም።» እሷም «በሚቀጥለው ወር እሰጥሻለሁ» ብላ ከመለሰች፣ እዳው እንዳለ በራሷ ቃል ተጻፈ ማለት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ሰው ሳያውቅ ድምፁን መቅዳት ወይም ቤተሰቡን ፎቶ ማንሳት እዚህ አገር ወንጀል ነው። ከሳሽ ሆናችሁ ሄዳችሁ ተከሳሽ እንዳትሆኑ። የላኩላችሁን መልእክት ማስቀመጥ ይበቃል።

ማመልከቻው የሚቀርበው ለሰው ኃይልና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር ነው፤ እኛ በተለምዶ «ሌበር» የምንለው። በስልክ አፕሊኬሽኑ ወይም በ80084 ደውሎ ማመልከት ይቻላል። ሚኒስቴሩ መጀመሪያ ሁለታችሁን ለማስማማት ይሞክራል፤ ለዚህ የተሰጠው ጊዜ 14 ቀን ነው። ካልተስማማችሁና የምትጠይቁት ከ50,000 ድርሃም ያልበለጠ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ሚኒስቴሩ ራሱ ይወስናል። የአብዛኞቻችን ጥያቄ ከዚህ በታች ስለሆነ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ውሳኔው እንደ ፍርድ የሚፈጸም ነው። ያልተስማማ ወገን በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ሠራተኛ ለክሱ የፍርድ ቤት ክፍያ አይከፍልም። ጠበቃ የግድ አይደለም። ስለዚህ «ገንዘብ ስጪኝና ላስጨርስልሽ» የሚል ደላላ ሲመጣ በሩን አሳዩት።

በማስማሚያው ቀን ምን ይሆናል? አሠሪው «5,200 አልሰጥም፣ 2,000 ልስጥሽና ይብቃ» ሊል ይችላል። ያኔ ቦታው ላይ ሆናችሁ ማሰብ አትጀምሩ፤ ሰው ሲጨንቀው እሺ ይላል። ዝቅተኛውን ቁጥር ከቤት ወስናችሁ ሂዱ። መስማማት ነውር አይደለም፤ ጊዜም ዋጋ አለው። ግን ገንዘቡ እጃችሁ ሳይገባ አትፈርሙ።

ፊርማ ካልኩ አይቀር፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ሻንጣ ተዘጋጅቶ፣ ትኬት ተቆርጦ፣ በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ይቀርብና «እዚህ ጋ ፈርሚ፣ አሻራሽንም አድርጊ» ይባላል። ወረቀቱ «ደመወዜን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚል ሊሆን ይችላል። ከፈረማችሁ በኋላ ያ ወረቀት በእናንተው ላይ ይመሰክራል። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ። «ይነበብልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። ፎቶ ልካችሁልን እኛም እናነብላችኋለን።

ከቤት ስለመውጣትም ልናገር። ማንም ሳያውቅ ጠፍታችሁ ከወጣችሁ አሠሪው «ጠፍታለች» ብሎ ያመለክታል፤ የደመወዝ ጉዳይ የነበረው የቪዛ ጉዳይ ይሆንባችኋል። የሚቻል ከሆነ መጀመሪያ አመልክቱ። ዱላ ካለ፣ ወይም ለክብራችሁና ለሕይወታችሁ የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን አትጠብቁ። 999 ለፖሊስ ደውሉ፣ ውጡ። ነፍስ ከደመወዝ ትቀድማለች። በአንድ ሰው ቪዛ ገብታችሁ ሌላ ቤት የምትሠሩ ደግሞ፣ ያለ ፈቃድ ከሆነ ጥፋቱ በእናንተም ላይ ሊዞር ስለሚችል ከማመልከታችሁ በፊት መጥታችሁ አማክሩ።

ከሁሉም በላይ አትዘግዩ። ሥራ ካቆሙ በኋላ ለመክሰስ የተወሰነ ጊዜ ነው ያለው። አውሮፕላን ከተሳፈሩ በኋላ ደግሞ ነገሩ በጣም ይከብዳል። ዱባይ ቆንስላችን፣ አቡዳቢ ኤምባሲያችን አለ፤ ከመሄዳችሁ በፊት አሳውቁ፣ ውክልና መስጠት ከቻላችሁም ስጡ። አገር ቤት ከገባችሁ፣ በሕጋዊ ኤጀንሲ የመጣችሁ ከሆነ፣ ያንን ኤጀንሲ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት መጠየቅ ይቻላል። ለዚያም ቢሆን ኮንትራቱ ያስፈልጋል።

እኛ እንደ ማኅበር ሒሳቡን አብረን እንሠራለን፣ ወረቀት እናነባለን፣ የምትፈራ ካለች አብረናት እንሄዳለን። የሌለውን ማስረጃ ግን ልንፈጥርላችሁ አንችልም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉ፦ ኮንትራቴ ስንት ይላል፣ እስካሁን ስንት ተቀበልኩ፣ ስንት ይቀረኛል። ምንም የማይቀራችሁ ከሆነ እሰየው። የሚቀራችሁ ከሆነ ደግሞ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ።

ላባችሁን የሚያስቀርባችሁ አይኑር።