ሕፃናትን መስቀለኛ ጥልፍ ስለ ማስተማር

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



በመንደር ትምህርት ቤት መርፌና ክር በሕፃን እጅ በታየ ጊዜ ሁለት ወቀሳ ይነሣል። አንደኛው የአባት ነው፤ «ልጄን ፊደል እንዲቈጥር ሰደድሁት እንጂ ልብስ ሰፊ እንዲሆን አልሰደድሁትም» ይላል። ሁለተኛው የእናት ነው፤ «ስፌቱንማ እኔው በቤቴ አስተምራት የለምን፤ ስለዚህ ብዬ ከውሃና ከእንጨት አስቀራታለሁን» ትላለች። ሁለቱም ወቀሳ ከንቱ አይደለምና መልስ ይገባዋል። መልሱም ከቃል ይልቅ በሥራው አካሄድ የሚታይ ነው። መስቀለኛ ጥልፍ በደኅና የተማረ ልጅ ቍጥርን በጣቱ ይማራል፤ ከቍጥርም ይልቅ የሳተውን ራሱ ፈትቶ እንደገና መሥራትን ይማራል። በክፉ አካሄድ የተማረ ግን ክር ከማበላሸት በቀር አንዳች አያተርፍም፤ ያን ጊዜ የአባትየው ወቀሳ እውነት ሆኖ ይቀራል።

መስቀለኛ ጥልፍ የሚባለው ድርና ማጉ እኩል በሆነ ጨርቅ ላይ፥ በአራት ማዕዘን ቤት ቤቱ እየተቈጠረ የሚጠለፈው ነው። አንዱ ክር ከታች ከግራ ተነሥቶ ወደ ላይ ወደ ቀኝ ያጋድማል፤ ሁለተኛው ከታች ከቀኝ ተነሥቶ በፊተኛው ላይ ተሻግሮ ወደ ላይ ወደ ግራ ይሄዳል። ሁለቱ በተላለፉ ጊዜ አንድ ትንሽ የተጋደመ መስቀል ይሆናል። በአገራችን ቀሚስ ላይ እንደ ሰንሰለት ተያይዞ የሚሄደው ጥልፍ በተነደፈ መስመርና በዓይን ልክ ይመራል፤ ይህ ግን ያለ ቍጥር አንዲት እርምጃ አይሄድም። ሸማኔ ጥለት ሲያወጣ ድሩን እየቈጠረ ማግ እንደሚያስገባ ሁሉ፥ ይህም ጥልፍ ክር ይቈጥራል። እንግዲህ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

በሌላም አገር መርፌና ፊደል አብረው የኖሩ ናቸው። በእንግሊዝ አገር ቈነጃጅት ስፌት የሚለማመዱበት የምሳሌ ጨርቅ ነበራቸው። ዘመን ከተጻፈባቸው የእንግሊዝ ጨርቆች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ የሚታወቀው፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1598 ዓ.ም. ጄን ቦስቶክ የተባለች የሠራችው ነው፤ ዛሬ በሎንዶን ከተማ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ፊደልና አሊስ ሊ የተባለች ሕፃን የተወለደችበት ዘመን ተጠልፎበታል፤ መስቀለኛውም ስፌት ከሌሎች ዓይነቶች ጋራ አለበት። ነገር ግን ለመምህር ከሚታየው ይልቅ የማይታየው ይጠቅመዋል። በዚያ ጨርቅ ላይ ግንብ የተሸከመ ዝሆን ተጠልፎ ነበር፤ ኋላ ክሩ ተፈትቶ ወጣ፤ ፍለጋው ግን እስከ ዛሬ ይታወቃል። ከአራት መቶ ዓመት በላይ በክብር የተጠበቀው ሥራ እንኳ የተፈታ አለበት። ከዚያም ወዲህ በነበሩት ዘመናት በእንግሊዝ የሚማሩ ሴቶች ልጆች በዚሁ መስቀለኛ ስፌት ፊደልና አኃዝ ይጠልፉ ነበር፤ የቤቱ ልብስ ሲታጠብ ከሌላው እንዳይደባለቅ ምልክት የሚደረግበት በእርሱ ነበርና። የፍልስጥኤም ሴቶችም ዋናው ጥልፋቸው ይኸው መስቀለኛው ነው፤ እናት ለልጅዋ ስታወርሰው ኖሮ፥ በ2021 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በማይዳሰስ የሰው ልጅ ባሕላዊ ቅርስነት በመዝገብ ጻፈው።

አሁን ወደ ሥራው። ለአምስትና ለስድስት ዓመት ሕፃን ጨርቅና መርፌ አይሰጥም። ብራና የሚጽፍ ሰው ቀለም ከመንካቱ አስቀድሞ የብራናውን ዳር በወስፌ ወግቶ በዚያ ልክ ያሰምራል፤ የተቀደደም ቢኖር በጅማት ይሰፋዋል። መምህሩም እንዲሁ ከሳሙና ካርቶን አንድ ስንዝር ያህል ይቈርጥና፥ ባለ አራት ማዕዘን መስመር የሒሳብ ደብተር ወረቀት በላዩ አድርጎ፥ ጣት ጣት በሚያህል ርቀት በወስፌ ይወጋዋል። ወፍራም ክር ተወስዶ ጫፉ በሰም ቢጠነክር መርፌ አያሻውም፤ ሕፃኑ እየቈጠረ ያስገባል፤ ያወጣል። በጀርመን አገር በ1837 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ትምህርት ቤት ያቋቋመው ፍሪድሪክ ፍሮበልም ካርቶን መውጋትንና መስፋትን ከሕፃናቱ የእጅ ሥራ ጋራ ቈጥሮታል።

ሰባትና ስምንት ዓመት በሞላ ጊዜ የቡና ኬሻ ይበቃዋል። ኬሻው ታጥቦ ይደርቅ፤ ዳሩም እንዳይተረተር በእጥፍ ይሰፋ። ሁለት ድርና ሁለት ማግ አንድ ቤት ይሆናል። በፋብሪካ ለዚሁ ሥራ የሚሠራ አይዳ የሚባል ጨርቅ አለ፤ የተለመደው በአንድ ኢንች 14 ቤት ያለበት ነው፤ ይህ ለሕፃን ዓይን እጅግ ደቃቅ ነውና፥ የሚገዛ ቢኖር 6 ወይም 8 ቤት ያለበትን ይፈልግ። መርፌው ቀዳዳው ሰፊ፥ ጫፉ የደነዘ ይሁን፤ የሰላ መርፌ ጣት ከመውጋቱ ሌላ ድሩን ራሱን እየሰነጠቀ ቍጥሩን ያጠፋል። ክሩ ከአንድ ክንድ አይርዘም። ሕፃናት ቶሎ ቶሎ መርፌ ላለመሻጥ ሲሉ ረጅም ክር ይወዳሉ፤ ረጅም ክር ግን ይወሳሰባል፤ ይልሳል፤ ከመሥራት ይልቅ በመፍታት ቀኑ ይመሻል። የክሩ ጫፍ አይቋጠር፤ ጥቂት ከኋላ ተተውቶ በሚቀጥሉት ስፌቶች ሥር ይያዝ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ስሕተት የቍጥር ነው፤ በዚህ ላይ መምህሩ ሊታገሥ ይገባዋል። «አራት መስቀል ሥራ» ያሉት ሕፃን አራት ቀዳዳ ቈጥሮ ይቆማል፤ ሲያየው መስቀሉ ሦስት ነው። እንደገና ይቈጥራል፤ አሁንም ሦስት ነው፤ ጨርቁ ተሳስቷል ይላል። ጨርቁ ግን አልተሳሳተም። ቀዳዳ የቤት ወሰን ነው እንጂ ቤት አይደለምና፥ ለአራት ቤት አምስት ወሰን ያስፈልጋል። መምህሩ ይህን በጥቍር ሰሌዳ ከመጻፍ ይልቅ ልጁን ወደ ውጭ አውጥቶ አጥር ያሳየው፤ ለአራት ክፍተት አምስት ምሰሶ ቆሟል። (አጥሩ ዞሮ ሲገጥም ምሰሶውና ክፍተቱ እኩል እንደሚሆን የሚጠይቅ ልጅ ከተገኘ፥ መምህሩ ደስ ይበለው።)

ከዚያ በኋላ ፊደል ይመጣል። ከፊደሎቻችን ሁሉ ለዚህ ሥራ የምትቀለው «ተ» ናት፤ ቋሚና አግዳሚ ብቻ ናትና። ቋሚዋ 7 ቤት፥ አግዳሚዋ 5 ቤት ይሁን። ሕፃናቱ ሳይጀምሩ ስንት መስቀል እንደሚፈጅ ይጠየቁ፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ 12 ይላሉ። በሠሩት ጊዜ ግን 11 ሆኖ ያገኙታል። አንዷ ቤት ለቋሚውም ለአግዳሚውም ተቈጥራለችና ነው። ቀጥሎ «በ» ይሰጥ፤ ሁለት እግር 7 7፥ ራስጌው 5፤ ሲደመር 19 ነው፤ ሥራው ግን 17 ይሆናል፤ ሁለት ማዕዘን ሁለት ጊዜ ተቈጥረዋልና። ይህን ያየ ልጅ መደመርን ማመን ብቻ ሳይሆን መመርመርን ይጀምራል። «ዐ»ን፥ «ወ»ንና የመሳሰሉትን ክቦች ለኋላ ማቈየት ይሻላል፤ ክብ በአራት ማዕዘን ቤት እንደ ደረጃ እየተሰበረ ነው የሚሠራው። ለከፍተኛው ክፍል ማካፈልም ከዚሁ ይወጣል፤ 56 መስቀል ያለበት ሥራ በ14ቱ ጨርቅ 4 ኢንች፥ በ8ቱ ጨርቅ 7 ኢንች ይይዛል።

የላይኛው ክር በሥራው ሁሉ በአንድ ወገን ያጋድም። ብርሃን በክር ላይ እንደ አጋደመበት ወገን ይታያልና፥ አንዱ እንዲህ አንዱ እንዲያ የሆነ እንደሆነ በአንድ ቀለም የተሠራው ሁለት ቀለም ይመስላል።

እንግዲህ ንግግሩ ወደ ተነሣበት ነገር ይመለሳል። ሕፃን በሳተ ጊዜ የመምህር እጅ ይቸኩላል። ጨርቁን ይቀበላል፤ ሦስቱን ይፈታል፤ አራቱን ይሠራል፤ ይመልስለታል። ሕፃኑም በዚያች ደቂቃ ሁለት ነገር ይማራል፤ እርሱ የማይችል መሆኑንና፥ ሥራው የእርሱ አለመሆኑን። ወላጆች ሥራ ለማየት የሚመጡበት ቀን በቀረበ ጊዜ ይህ ፈተና ይበረታል፤ መምህሩ ማታ በመብራት ተቀምጦ የሠላሳ ልጆች ጨርቅ ያቃናል። ነገር ግን ስፌት የምታውቅ እናት አትታለልም። የልጅዋን እጅ ታውቃለችና፥ ጨርቁን ገልብጣ አይታ ዝም ትላለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቱ ከትምህርት ቤት ብትቀር ምክንያቱን የሚነግር አይገኝም። የጐበጠ «ተ» በልጅ እጅ ከተሠራ በግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ስለ መፍታትም ሥርዓት አለው። መምህሩ ስሕተቱን በጣቱ አያመልክት፤ «ከየት ጀምሮ ነው የሳተው» ብሎ ይጠይቅ፥ ልጁም ከመጀመሪያው ቈጥሮ ያግኘው። ካገኘው በኋላ ክሩን ከመርፌው አውጥቶ፥ በመርፌው ቀዳዳ በኩል ከሥር እያነሣ በሄደበት መንገድ አንድ አንድ ብሎ ይመለስ። በመቀስ መቍረጥ የፈጠነ ይመስላል፤ ጎረቤቱን ስፌት ግን አብሮ ይፈታዋል። ደግሞም ስሕተት ሁሉ አይፈታም። ቍጥር የሳተ እንደሆነ ኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያጣምማልና ይፈታ፤ የአንድ መስቀል ክር በተቃራኒው ቢያጋድም ግን ይለፍ። አንድ ክር ሁለት ጊዜ ከተፈታ ይላላጣልና አዲስ ይሰጠው። የአምስት ዓመት ሕፃን ምንም ቢስት አይፍታ፤ ለእርሱ ክሩ ገብቶ መውጣቱ ይበቃዋል። የጨርቁ ጀርባ እንደ ፊቱ ይመር ማለትም ለአዋቂ ባለ እጅ የተገባ ነው፤ ሕፃን በዚያ አይጨነቅ።

ስድሳ ልጅ ያለበት ክፍል ለአንድ መምህር አይሞላለትም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቀድሞ የገባው ተማሪ ለኋለኛው ያስቀጽላል፤ ሽማግሎቹ ይህን በሚገባ ያውቁታል። እዚህም የዐሥር ዓመቱ ከሰባት ዓመቱ አጠገብ ይቀመጥ፤ በአፉ እንጂ በእጁ ግን አይርዳው። ግራኝ ልጅ ቢኖር ወደ ቀኝ እጅ አይገደድ፤ መስቀሉ በሁለቱም እጅ እኩል ነው። ቀኘኛው ከመምህሩ ጎን ሲቀመጥ፥ ግራኙ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ እንደ መስታወት እያየ ይከተላልና። ስለ ወንዶች ልጆች ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በአገራችን ሸማኔውም ብራና ደጓሹም ወንድ ነው።

ሥራው ከቀን ብርሃን በቀር፥ ከግማሽ ሰዓትም በላይ አይሁን። መርፌዎቹ በአንድ ቍራጭ ጨርቅ ላይ በዐሥር በዐሥር ተሰክተው ይቀመጡ፤ ሲወጡ አንድ ልጅ ይቍጠር፥ ሲመለሱም ያው ልጅ ይቍጠር። ሠላሳ ወጥቶ ሃያ ዘጠኝ ከተመለሰ፥ ሠላሳኛው ከምንጣፉ ሥር እስኪገኝ ድረስ ማንም በባዶ እግሩ ከስፍራው አይነሣ።