ቱቦውና ጠባቂዎቹ

ለማኅበራችን ደጋፊዎች በጉለሌ የተደረገ ንግግር



ዛሬ በተሰበሰብንባት በጉለሌ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል። ይህ ሆስፒታል በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ከጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን በተገኘ ርዳታ፣ አቅም ለሌላቸው ሰዎች የተሠራ ነው። ያ ስጦታ እስከ ዛሬ ፍሬ የሚሰጠው ከግንቡ ጋር የሚያክሙና የሚያስታምሙ እጆች ስለተገኙለት ነው። ዛሬ ስለ አንዲት ቀጭን ቱቦ ስንነግራችሁ ይህን እንድታስቡልን እንወዳለን።

ሉኬሚያ የሚባለው የደም ካንሰር በሕፃናት ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ በዓለም ላይ በብዛት የሚታየው ነው። በልጆች ላይ የሚዘወተረው ዓይነት ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጁ ደም ይቀዳል፣ ደም ይሰጠዋል፣ መድኃኒት ይወስዳል። የትንሽ ልጅ ደም ሥር ግን ቀጭን ነው፤ በመርፌ ብዛት ይጎዳል። እንደ ቪንክሪስቲን ያለው መድኃኒት ደግሞ ከደም ሥር ወጥቶ ቢፈስ ሥጋን ያቆስላል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሆነው ካቴተር የተባለው ለስላሳ ቱቦ ነው። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ዶክተር ብሮቪያክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ዶክተር ሂክማን ደግሞ በ1979 አስተዋወቁት። ቱቦው በደረት ቆዳ ሥር አልፎ ወደ ልብ በሚያደርሰው ትልቅ ደም ሥር ውስጥ ይቀመጣል፤ ለብዙ ወራትም ይቆያል። ልጁም ከየዕለቱ መርፌ ያርፋል።

ነገር ግን ወዳጆች ሆይ፥ መድኃኒት በሚገባበት በር ተሕዋስም ይገባል። መድኃኒቱ ሰውነቱን ስላዳከመው ልጁ ትኩሳት ቢነሣበት ነገን ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ቱቦውን የሚነካ ሁሉ እጁን ይታጠባል፤ ፋሻው በጊዜው ይለወጣል፤ ቱቦው እንዳይደፈንም በንጹሕ መድኃኒታዊ የጨው ውኃ ይጠራል። ከደረት የወጣ ቱቦ በውኃ አይነከርም። ልጇን ወደ እንጦጦ ጠበል ልትወስድ የምታስብ እናትም አስቀድማ ከሐኪሙ ጋር ሳታፍር ትመካከር።

እንግዲህ ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣች፣ በከተማው ማረፊያ የሌላት እናት ይህን ሁሉ እንዴት ትፈጽመው? በሉኬሚያ ላረፈ ሕፃን መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ማኅበር ለሕሙማን ማረፊያ መስጠቱ ስለዚህ ነው።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ቱቦ ብቻ አይደለም። ከቱቦው ጋር ፋሻና ጓንት፣ የነርሶች ሥልጠና፣ የእናቲቱ ማደሪያና የመመላለሻ ገንዘብ ያስፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት ስፍራ ቱቦውን ብቻ መላክ ልጁን ለአደጋ ማጋለጥ ነው፤ እንዲያ ከሆነስ በእጁ ላይ የሚወጋው መርፌ ይሻለዋል።

ስጦታችሁ እንግዲህ የአንድ ቀን አይሁን። ሕክምናው 3 ዓመት ከፈጀ፣ እኛም 3 ዓመት ከልጁ ጋር እንቁም።