የመኸር አስቤዛ

የዛሬው ወጋችን ስለ መኸር አስቤዛ ነው።

የመኸር አስቤዛ ማለት የክረምቱን ባቄላ፣ አተርና ምስር ከአውድማ እንደወጣ፣ በጥርና በየካቲት፣ ገዝቶ ማስቀመጥ ነው። የምንጃር ጤፍም እንዲሁ።

እስቲ ጎተራን እናስብ። የአንኮበር ገበሬ በጥር ጎተራውን ይሞላል፤ በነሐሴ ከዚያው ይቀዳል። ደብረ ብርሃን ከተማ ያለችው እናት ግን ጎተራ የላትም። ታዲያ በነሐሴ የሽሮ እህሏን በኪሎ ስትገዛ የምትከፍለው ለእህሉ ብቻ አይደለም። ነጋዴው ለወራት ላስቀመጠበት መጋዘን ትከፍላለች። ነቀዝ ለበላበትም ትከፍላለች። የሰው ጎተራ ትከራያለች ማለት ነው።

«ገንዘቡስ ባንድ ጊዜ ከየት ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከባዱ እሱ ነው። በወር ደመወዝ ለሚያድር ቤት ኩንታል መግዛት ቀላል አይደለም። ግን ሦስት አራት ጎረቤት ሆናችሁ አንድ ኩንታል ባቄላ ብትካፈሉስ? ዕቁብ የምትጥሉም ዳኛውን ለምናችሁ ዕጣችሁን በጥር ብታደርጉትስ?

ደግሞ ልብ በሉ፤ የመኸር አስቤዛ የሚያዋጣው እህሉ ሲደርቅ ነው። አንዷን ፍሬ በጥርስ ሞክሯት። ቀጭ ብላ ከተሰበረች ደርቃለች። ከለዘበች ግን እህሉን ፀሐይ ላይ አስጡት። የደብረ ብርሃን ብርድ ነቀዝን ያዘገያል እንጂ እርጥብ እህልን ከሻጋታ አያድንም። ጆንያውንም ከመሬት ከፍ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጉት።

ሽንኩርትና ቲማቲም ግን እዚህ አይገቡም፤ እነሱን በየሳምንቱ ለወጥ የሚበቃችሁን ያህል ብቻ።