የጤና መዋጮአችን የት ይዋል?



ሁለት ሴቶች በአንድ ደረጃ ላይ ያለ የማኅፀን በር ካንሰር ይዟቸው፣ አንድ ዓይነት ሕክምና ወስደው፣ አንዷ ትድናለች፤ የሌላዋ ይመለስባታል። ተመራማሪዎች ምክንያቱን በዕጢው ዘረመል ውስጥ እየፈለጉ ነው። ጨረሩ ወይም መድኃኒቱ ለማን እንደሚሠራ አስቀድሞ ቢታወቅ፣ የማይጠቅም ሕክምና ገንዘብንም አቅምንም አይጨርስም። ዛሬም ፒዲ ኤል-1 የሚባል ፕሮቲን በዕጢው ላይ መኖሩ ታይቶ፣ በሽታው ለተመለሰባት ወይም ለተሰራጨባት ሴት ፔምብሮሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ይታዘዛል።

መድኃኒቱ ግን ውድ ነው፤ ከመዋጮአችን አቅም በላይ ነው። የምንችለው ሌላ አለ። በሽታው በጊዜ ከተገኘ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጨረር ከተጀመረም ቢበዛ በ8 ሳምንት ማለቅ ይገባዋል፤ በመሀል ሲቋረጥ ውጤቱ ይቀንሳል። ከሩቅ መጥታ ማደሪያና የትራንስፖርት ገንዘብ ያጣች እኅት ደግሞ ማቋረጧ አይቀርም።

ስለዚህ እኛ ሂሳቡን የምንይዝ አባላት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለን ሁላችን እንመርመር። የጤናው መዋጮ ደግሞ ሕክምና የጀመረች አባል እስክትጨርስ ለማደሪያዋና ለመመላለሻዋ ይዋል። ወጪውን በየወሩ ከነደረሰኙ እናቀርባለን።