የሰማይ ቁጥሮችና ስሕተታቸው

(በተማሪዎች ኅብረት የንግግር ምሽት ላይ የቀረበ)




ስታቲስቲክስ ሲባል የሕዝብ ቆጠራና የገቢና ወጪ መዝገብ ብቻ የሚመስለው ሰው በመካከላችን አይጠፋም። ሆኖም ይህ ዕውቀት ተወልዶ ካደገባቸው ቤቶች አንዱ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ኬሚስቱ የሚመረምረውን ነገር በእጁ ይዞ ሊመዝነው፣ ሊያሞቀው፣ ሊያቀዘቅዘው ይችላል። የሥነ ፈለክ ሊቅ ግን ኮከቡን ሊነካው አይችልም። በእጁ ያለው ከሩቅ የመጣ ጥቂት ብርሃን ነው፤ ከዚያ ብርሃን የሚያገኘውም ቁጥር ሁሉ ብዙም ይሁን ትንሽ ስሕተት አለበት። እንግዲህ ሥራው ስሕተቱ ምን ያህል እንደ ሆነና ወደየት እንደሚያዘነብል ማወቅ ነው። የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ስሕተትን በሁለት እንክፈለው። የመጀመሪያው የሚዋልል ስሕተት ነው። አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ መሣሪያው በጥቂቱ ይነቃነቃል፤ የተመልካቹ ዓይን ይደክማል። ስለዚህ አንዱን ኮከብ አሥር ጊዜ ብንለካው አሥር የተለያዩ ቁጥሮች እናገኛለን። አንዳንዱ ከእውነተኛው ልክ ይበልጣል፤ አንዳንዱ ያንሳል። የዚህ ስሕተት መድኃኒቱ ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ነው፤ ትርፉና ጉድለቱ እርስ በርሱ ይጣፋልና። ነገር ግን መድኃኒቱ ውድ ነው። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ ልኩን አራት እጥፍ፣ ወደ አንድ አሥረኛ ለማውረድ ደግሞ መቶ እጥፍ ማብዛት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ስሕተት ነው። በገበያ ውስጥ የሚዛን ድንጋዩ የተሸረፈ ነጋዴ አለ እንበል። ቡናውን አንድ ጊዜ ቢመዝነውም መቶ ጊዜ ቢመዝነውም ገዢው መጎዳቱ አይቀርም። ይባስ ብሎም መቶው ምዘና እርስ በርሱ ስለሚስማማ ገዢው ሚዛኑን ከበፊቱ ይልቅ ያምነዋል። የድንጋዩ ጉድለት የሚታወቀው ከሌላ ድንጋይ ጋር ሲተያይ ብቻ ነው። እስቲ ሁለቱም ስሕተቶች በሥነ ፈለክ ታሪክ ውስጥ ምን እንደ ሠሩ እንመልከት።

በ1801 ጃንዋሪ 1 ቀን ጁሴፔ ፒያዚ የተባለ ቄስ፣ በሲሲሊ ደሴት በፓሌርሞ ከተማ ሆኖ ሰማዩን ሲመረምር፣ በከዋክብት መካከል ቦታዋን የምትለውጥ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ አየ። ኋላ ሴሬስ የተባለችው ይህች ናት። እስከ ፌብሩዋሪ 11 ቀን ድረስ ተከታተላት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ገብታ ተሰወረች። ሴሬስ ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 4 ዓመት ከ7 ወር ያህል ይፈጅባታል። ሊቃውንቱ በእጃቸው የነበረው መዝገብ ግን የ41 ቀን ብቻ ነው። እንደገና ስትወጣ የት እንደምትገኝ በዚህች አጭር መዝገብ ማን ሊናገር ይችላል? የ24 ዓመቱ ጀርመናዊ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ስሌቱን ሠርቶ ቦታውን አመለከተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ፎን ዛክ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጋውስ ካመለከተው ስፍራ አጠገብ አገኛት።

ስሕተት ያለባቸውን ብዙ ልኮች ወደ አንድ ውጤት የሚያመጣውን ዘዴ ፈረንሳዊው ሌዠንድር በ1805 አሳተመው። ጋውስም በ1809 ባወጣው መጽሐፍ ከስሕተት ሕግ ጋር አያይዞ አብራራው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሊሆኑ ከሚችሉት ምሕዋሮች እያንዳንዱን ከልኮቹ ጋር እናስተያየዋለን። ልኩ ከምሕዋሩ የራቀበትን መጠን በራሱ እናባዛዋለን፤ ብዜቶቹንም እንደምራለን። ድምሩ ከሁሉ የሚያንሰውን ምሕዋር እንመርጣለን። ከዚያ በፊት አያሌ ሊቃውንት ከልኮቻቸው መካከል ያማረውን መርጠው ሌላውን ይጥሉ ነበር። በዚህ ዘዴ ግን ልክ ሁሉ ድምፅ አለው፤ ሐሳባችንን የሚቃወመውም ጭምር።

እስከዚህ ድረስ የነገርኳችሁ ስለ ድል ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተት ልሻገር።

በእንግሊዝ አገር በግሪኒች የንጉሡ የሥነ ፈለክ ሹም የነበረው ኔቪል ማስከላይን ዴቪድ ኪንብሩክ የሚባል ረዳት ነበረው። በዚያ ዘመን ተመልካቹ ዓይኑን በቴሌስኮፑ ላይ ተክሎ፣ በጆሮው የሰዓቱን ምት እየቆጠረ፣ ኮከቡ በመስተዋቱ ላይ የተዘረጋውን ቀጭን ክር የሚያልፍበትን ቅጽበት ይመዘግብ ነበር። በ1795 ኦገስት የኪንብሩክ መዝገብ ከጌታው መዝገብ በግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ተገኘ። እንዲያርም ተነገረው፤ ለማረምም ጣረ። በ1796 ጃንዋሪ ግን መዘግየቱ ወደ ስምንት አሥረኛ ሰከንድ ከፍ አለ። ማስከላይንም ከሥራ አሰናበተው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ፍሪድሪክ ቤሰል የተባለው የኬኒግስበርግ ሊቅ ይህን ታሪክ አንብቦ ነገሩ ስንፍና ብቻ ሊሆን እንደማይችል ጠረጠረ። ከ1820 ጀምሮ ራሱን ከሌሎች የታወቁ ተመልካቾች ጋር እያስተያየ ሲፈትን በመካከላቸው ከአንድ ሰከንድ የሚበልጥ ልዩነት አገኘ። ሰው ሁሉ የዓይኑንና የጆሮውን ነገር የሚያገናኝበት የየራሱ ፍጥነት አለው። ይህም የየሰው ልዩነት ከተለካ በኋላ በስሌት የሚታረም ሆነ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ኪንብሩክ አንድን ኮከብ ሺህ ጊዜ ቢመዘግበው ሺሁም ይዘገይ ነበር። ማስከላይንም ብቻውን ቢሠራ ኖሮ የራሱን ልዩነት በፍጹም ሊያውቀው አይችልም ነበር። ስሕተቱ የተገለጠው ሁለት ሰዎች ስለ ተነጻጸሩ ነው። የሚያሳዝነው ግን መሣሪያው ሳይመረመር ሰውየው እንጀራውን ማጣቱ ነው።

የሚያዘነብል ስሕተት ከተመልካቹ ብቻ አይመጣም። ከማይታየውም ነገር ይመጣል። በጨለማ ሌሊት ከኮረብታ ላይ ሆነን ቆላውን ስንመለከት በአጠገባችን ያለው መንደር ኩራዙም፣ ፋኖሱም፣ የምድጃው እሳትም ይታየናል። በሩቁ መንደር ግን የሚታየን ትልቁ የደመራ እሳት ብቻ ነው። ይህን ያየ ሰው «የሩቅ አገር ሰዎች ኩራዝ አያውቁም፤ ሁሉም ደመራ ያነዳሉ» ቢል እንስቃለን። ከዋክብትን በሚታየው የብርሃናቸው መጠን መርጦ የሚመዘግብ ሰው ግን እንዲሁ ሊሳሳት ይችላል። በሩቅ ያሉት ደካማ ከዋክብት ከመዝገቡ ስለሚቀሩ የሩቆቹ አማካይ ብርሃን ከእውነቱ በላይ ይሆናል። ጉናር ማልምክዊስት የተባለው ስዊድናዊ በ1920ዎቹ ዓመታት ይህን በሒሳብ ገልጾ ማረሚያውን ስላሳየ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

አንዳንድ ጊዜም ብልህ ምርጫ ችግሩን ከሥሩ ያቃልለዋል። በአሜሪካ በሃርቫርድ ትሠራ የነበረችው ሄንሪዬታ ሌቪት በ1912 ያጠናቻቸው 25 ሴፌይድ የሚባሉ ከዋክብት ሁሉም የሚገኙት በትንሹ የማጄላን ደመና ውስጥ ነው። የእነዚህ ከዋክብት ብርሃን በየጊዜው ከፍና ዝቅ ይላል። ከእኛ ያላቸው ርቀት አንድ ያህል ስለ ሆነ፣ ደምቆ የሚታየው በእርግጥም ደማቅ ነው ለማለት ተቻለ። ስለዚህ ደማቆቹ ቀስ ብለው፣ ደብዛዞቹ ፈጥነው እንደሚለዋወጡ አረጋገጠች። በዚህም የርቀት መለኪያ ተገኘ።

ይህ መለኪያ ራሱ እንደ ተሸረፈ የሚዛን ድንጋይ የሆነበት ጊዜ አለ። ኤድዊን ሃብል በ1929 ርቀታቸው የተገመተ 24 ጋላክሲዎችን ወስዶ፣ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ከእኛ የሚሸሹበት ፍጥነት እንደሚጨምር አሳየ። ጭማሪውም ለያንዳንዱ ሜጋፓርሴክ፣ ይኸውም ለ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት፣ በሰከንድ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ነገሩን ወደ ኋላ ብናሰላው የጽንፈ ዓለም ዕድሜ 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናል። ከዐለቶች የተገኘው የመሬት ዕድሜ ግን ከዚህ በለጠ፤ ክሌር ፓተርሰን በ1956 ባሳተመው ጥናት 4.55 ቢሊዮን ዓመት መሆኑን ወሰነ። ልጅ ከእናቱ ሊበልጥ አይችልም!

ጥፋቱ ልኮቹ ጥቂት በመሆናቸው አልነበረም። በዚያው መንገድ 24,000 ጋላክሲ ቢለካ ኖሮ የተሳሳተው ቁጥር ይበልጥ የተረጋገጠ ይመስል ነበር። ቫልተር ባዴ በ1952 ሴፌይዶች ሁለት ዓይነት መሆናቸውንና እስከዚያ ድረስ ተደባልቀው መቆየታቸውን ሲገልጽ የጋላክሲዎቹ ርቀት እጥፍ ሆነ። አለን ሳንዴጅም በ1958 በሩቅ ጋላክሲዎች ውስጥ እንደ ብርቱ ኮከብ ተቈጥረው የነበሩት አንዳንዶቹ የሚያበሩ የጋዝ ደመናዎች መሆናቸውን አመልክቶ ቁጥሩን ወደ 75 ገደማ አወረደው።

ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ፕላንክ የተባለው ሳተላይት ከጥንታዊው የጽንፈ ዓለም ብርሃን የወሰዳቸው ልኮች በ2018 ሲተነተኑ 67.4 ሰጡ፤ የስሕተቱ መጠን 0.5 ነው። በሴፌይዶችና በሚፈነዱ ከዋክብት የተሠራው የ2022 ጥናት ደግሞ 73.0 ሰጠ፤ የስሕተቱ መጠን 1.0 ነው። በሚዋልል ስሕተት ብቻ ይህን የሚያህል ልዩነት ከሚሊዮን አንድ ጊዜ እንኳ አይገኝም። እንግዲህ ወይ ከሁለቱ በአንዱ ያልታወቀ የሚያዘነብል ስሕተት አለ፤ ወይም ተፈጥሮ እስካሁን ያልነገረችን ነገር አለ። ከሁለቱ የትኛው መሆኑን በአማካይ ማውጣት ብቻ ልንለየው አንችልም።

ታዲያ የተሰወረውን ስሕተት እንዴት እናገኘዋለን? አንድ ጥሩ ምሳሌ ጋያ ከተባለው ሳተላይት ልስጣችሁ። ጋያ በ2013 ተመጥቆ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ሰማይን ሲለካ ቆይቷል። በ2022 የወጣው መዝገቡ 1.8 ቢሊዮን ያህል የብርሃን ነጥቦችን ይዟል። ርቀትን የሚለካው በፓራላክስ ነው። ጣታችንን ከፊታችን አቁመን አንዱን ዓይናችንን ጨፍነን በሌላው፣ ከዚያም በተራ ስናይ ጣቱ ከቦታው የተነቃነቀ ይመስላል። መሬትም ፀሐይን ስትዞር ቅርብ የሆነው ኮከብ እንዲሁ የሚነቃነቅ ይመስላል። የሳተላይቱ መሣሪያ ራሱ ቢያዘነብልስ? ሊቃውንቱ ኩዌዛር የሚባሉትን እጅግ የራቁ አካላት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወስደው ፈተሹ። ከርቀታቸው የተነሣ የእነዚህ ፓራላክስ ዜሮ ሊሆን ይገባል። አማካዩ ግን ከዜሮ በታች፣ የአንዲት የማዕዘን ሰከንድ 17 ሚሊዮንኛ ያህል ሆኖ ተገኘ። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ለመሣሪያው አቅርበው ጉድለቱን አጋለጡት ማለት ነው። ይህ ጉድለት እጅግ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 32,600 የብርሃን ዓመት ለራቀ ኮከብ ከፓራላክሱ 17 በመቶ ያህል ነው።

የተከበራችሁ ጓደኞቼ፤ ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን የሚል ቢኖር ሁለት ነገር እመልስለታለሁ። አንደኛ፣ የጋያ መዝገብ ለዓለም ሁሉ በነጻ የተከፈተ ነው። ትልቅ ቴሌስኮፕ የሌለው ተማሪ ኮምፒዩተርና የስታቲስቲክስ ዕውቀት ካለው አዲስ አበባ ተቀምጦ ሊመራመርበት ይችላል። ዛሬ የሚጎድለን የቁጥር ብዛት ሳይሆን ቁጥርን የሚመረምር ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ነገ ከመካከላችን አንዱ የወንዝ ውሃ፣ ሌላው የስንዴ ምርት፣ ሌላው የበሽተኛ ብዛት ይለካል። ወደ ጤና ጣቢያ የመጡትን ብቻ ቆጥሮ ስለ አገሩ በሽተኛ ሁሉ የሚናገር ሰው፣ ከኮረብታው ላይ ደመራውን ብቻ እንዳየው ሰው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልማድ እንድናደርግ አሳስባለሁ። የስሕተቱ መጠን ያልተጻፈበትን ቁጥር አንቀበል፤ እኛም አንጻፍ። ሐሳባችንን ስለ ተቃወመ ብቻ ልክን አንጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልኮቻችን እርስ በርሳቸው ሲስማሙ ፈጥነን አንደሰት፤ በሌላ መንገድ፣ በሌላ መሣሪያ፣ በሌላ ሰው እጅ እንፈትናቸው። የመምህራኖቻችንም ድርሻ አለ። በላቦራቶሪ ውስጥ ከመጽሐፉ የተለየ ቁጥር ያመጣን ተማሪ ውጤቱን ከመቀነሳቸው በፊት መሣሪያውን አብረውት ቢመረምሩ፣ በኪንብሩክ ላይ የደረሰው በእኛ ቤት አይደርስም።