ከቀለም በታች ያለ ብስባሽ
(በሬዲዮ የተነገረ)



የአብደራፊና የመተማ ቆላ ሰው የምስጥን ጠባይ በሚገባ ያውቃል። ሰሊጥና ማሽላ የተከማቸበትን ቤት ተሸክሞ የቆመ ምሰሶ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፤ በጣት ቢጫኑት ግን ቅርፊቱ ይሰበርና ውስጡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ዛሬ የምንነግራችሁ ነገርም ይህንኑ ይመስላል፤ ልዩነቱ ጠላቱ ምስጥ ሳይሆን ውሃ፥ ቦታውም ቆላው ሳይሆን የጣና ሐይቅ መሆኑ ነው።

በጣና ላይ ከደንገል ታንኳ ሌላ ባለ ሞተር ጀልባዎች ከባሕር ዳርና ከጎርጎራ እየተነሡ መንገደኛውንና ገዳማት የሚሳለመውን ያመላልሳሉ። ከእነዚህም መካከል ከፋይበር ግላስ የተሠሩ አሉ። ፋይበር ግላስ ከቀጭን የብርጭቆ ክርና ሲደርቅ ከሚጠነክር ፈሳሽ፥ ይኸውም ከሬዚን፥ የሚሠራ ሲሆን፥ ለጀልባ ሥራ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓመታት ነው። እርሱ ራሱ አይበሰብስም። ነገር ግን በብዙ አሮጌ ጀልባዎች ሆድ ውስጥ ሞተሩን የሚሸከሙት ፋይበር ግላስ የለበሱ ሁለት ረዣዥም እንጨቶች ናቸው። ውሃው በብሎኑ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል፤ ልባሱም እንጨቱ እንዳይደርቅ ይከለክለዋል። የእንጨት እርጥበት ከመቶ 20 በታች ሲሆን ብስባሽ አያድግም፤ ወደ ከመቶ 30 ሲጠጋ ግን ፈንገስ ይበላዋል።

እንግዲህ ምልክቱ ምንድን ነው ያላችሁ እንደ ሆነ፥ ብሎኑ ሲጠብቅ ያለ መጨረሻ ይዞራል፤ ሞተሩ ከወትሮው የበለጠ ይንቀጠቀጣል፤ እንጨቱም በትንሽ መዶሻ ሲመታ በጥንካሬ ከመጮህ ይልቅ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ጥርጣሬውን ለመቍረጥ ከጎን በቀጭኑ ሰርስሮ የሚወጣውን ሰጋቱራ ማየት ነው፤ ጥቍርና እርጥብ ከሆነ ነገሩ ተገልጧል።

ለመጠገን አስቀድሞ የሞተሩን ከፍታና አቅጣጫ ለክቶ መጻፍ፥ ጀልባውንም ቅርፁ እንዳይጣመም ከሥሩ በእኩል ደግፎ ማቆም ያስፈልጋል። ከዚያ ሞተሩ ይነሣል፤ ልባሱ ተቈርጦ ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ብስባሹ ሁሉ ይወጣል። የብርጭቆው ብናኝ ሳንባን ስለሚጐዳ ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን በመከላከያ ይሸፍን። ቦታው ከደረቀና ከተፋቀ በኋላ፥ ስንጥቅ የሌለበት ደረቅ እንጨት በወፍራም ኤፖክሲ ላይ ይቀመጣል፤ ኤፖክሲ ከአሮጌው ፋይበር ግላስ ጋር ከተራው ፖሊስተር ይልቅ አጥብቆ ይያያዛልና። በላዩም የብርጭቆው ጨርቅ እያንዳንዱ ድርብ ከበታቹ ካለው ሰፋ እያለ ይለበጣል። የብሎኑ ቀዳዳ ሰፋ ተደርጎ ይበሳል፤ በኤፖክሲ ተሞልቶ ሲደርቅ በልኩ እንደ ገና ይበሳል። ውሃ የገባበት በር የሚዘጋው በዚህ ነው።

ጀልባው ወደ ውሃ ተመልሶ አንድ ሁለት ቀን ከቈየ በኋላ የሞተሩና የዘንጉ መጋጠሚያ ይመረመራል። መጋጠሚያው 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፥ በዙሪያው ያለው የክፍተት ልዩነት ከ0.1 ሚሊ ሜትር ሊበልጥ አይገባም።

አንዳንድ ባለ ጀልባ ወጪውን ፈርቶ በብስባሹ ላይ አዲስ ልባስና ቀለም ይደርብበታል። ይህ ሰው ማንን እንደሚያታልል ያስብ! ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲበረታ ሞተሩ ከመቀመጫው ቢናወጥ፥ ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ተላቅቆ ሐይቁን ወደ ውስጥ ያስገባል። ያን ጊዜ በጀልባው ላይ ያሉት ልጆቻቸውን የታቀፉ እናቶችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነርሱም የከፈሉት ለማማር ሳይሆን ለመድረስ ነው።

ስለዚህ ባለ ጀልባው በዓመት አንድ ጊዜ መዶሻውን ይዞ ወደ ጀልባው ሆድ ይውረድ። የወፍጮውን ሞተር በእንጨት ላይ የተከለ የቆላው ባለ ወፍጮም እንዲሁ ያድርግ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና፥ ሳይቃጠል በቅጠል ያለውን የአባቶቻችንን ምክር አንርሳ።